ከመከር በኋላ የሚነበብ ምርምር

በክረምቱ ማገባደጃ ፅናት ምሥራቅ ሱዳን፣ ሾዋክ ላይ የገዳሪፉን አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ የሰብል ምርምር ያስተማሯትን ጋሼ ገብረ ሥላሴን ዳስ ሥር አገኘቻቸው። የተባይ መድኃኒት መርጫ ከጎናቸው አለ። ሰላምታው ረዘም አለ።

"ጋሼ፣ በዚህ ጭቃ ወዴት ነው?"

"ባሱንዳ። የጠይባ ሰሊጥ አበባው ወደ ቅጠል ተለውጧል። ማሳውን በሙሉ ልረጨው ነው።"

ጠይባ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያች ማሳ ብቻ የምታሳድግ ሴት ናት። ፅናት ይህን ታውቃለች።

"ስለ በሽታው ያነበቡት ነገር አለ?"

"በኸሪፍ፣ በዚህ ዝናብ፣ ምን አነባለሁ? መከር ሲገባ ካርቱም ወርጄ ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ። ድሮም ወጋችን ይኸው ነው።"

ወግ ተብሎ ሞቷል፤ አለች ፅናት በሆዷ። በዝናቡ ይሞክራሉ፣ በበጋው ያነባሉ፤ ገበሬው ከከሰረ በኋላ የከሰረበትን ምክንያት ተምረው ይመለሳሉ። ይህን ምርምር ብሎ መጥራት ያሳፍራል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ አንብበው እስኪመለሱ ጠይባ ምን ትበላለች?"

"ቀስ በይ እንጂ ልጄ። ኮምፒዩተርሽ ናሙና ይመዝግብ፣ ይደምር። ንባብ ሌላ፣ ሥራ ሌላ።"

"እሱን መለያየታችን ነው የጨረሰን።" ላፕቶፑን ከፈተችው። "ይኼ በራሴ ፕሮግራም የያዝኩት የናሙናዎቼ መዝገብ ነው። የበሽታውን ስም ስነካው ፕሮግራሙ ራሱ የቤተ መጻሕፍቱን ጽሑፎች ጎኑ ላይ ያመጣልኛል። ኔትወርክ በሌለበትም ያወረድኩት አለ።"

"የኢንተርኔት ወሬ አላምንም።"

"እኔም አላምንም። ይኼ ግን ማን፣ የት፣ እንዴት እንደሞከረው ይናገራል። ያንብቡት።"

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ጥናቱ እንደ ገዳሪፍ ባለ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ነው። በሽታውን የሚያዛምቱት ትንንሽ ዘላይ ነፍሳት ናቸው፤ አበባው አንዴ ከተለወጠ መርጨት አያድነውም፤ በሽተኛው ተክል ካልተነቀለ ወደ ጤነኛው ያጋባል።

"ይኼ ተጽፎ ተቀምጦ?" አሉ። "የመሥሪያ ቤታችን ፕሮግራም ታዲያ ለምን እንዲህ አያመጣም?"

"ሲገዛ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያገናኘው ክፍል ትርፍ ወጪ ነው ተብሎ ቀረ።"

"ማነው ያለው?"

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ስብሰባው ላይ ነበርኩ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። "ጠይባ፣ መርጨቱ ቀርቷል። አበባው የተለወጠውን እየነቀልሽ አቃጥዪ፤ እኔም መጥቼ አግዝሻለሁ።" ስልኩን ዘግተው ወደ ፅናት ዞሩ። "ያስቀረሁትን ራሴ አስመልሳለሁ። ተመራማሪው ሳይዘራ ያንብብ፤ ሌላው የደከመበትን እየደገመ ገበሬ አያስከስር። ሩቅ ያለውም ካርቱም ካለው እኩል ይወቅ።"

አውቶቡሱ መጣ። ጋሼ ግን አልተነሡም።

"አምና እንዲሁ አበባው ተለውጦ የረጨሁት የበላይነሽ ማሳስ?" አሉ።

ፅናት ላፕቶፑን ዘጋችው። በላይነሽ መሬቷን ለቃ ከሰላ ከተማ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች ቆይታለች።