በነጠላ ጫፍ የተቋጠረች ዳዶ

ጋራዥ ምን ያደርግልኛል ብዬ የአሮጌ መኪናዬን ቫልቭ ቢቸና ባለው ግቢዬ ውስጥ ራሴ አስተካከልኩ። የሞተሩን ክዳን መልሼ ስገጥም አንዲት የብሎን ዳዶ የለችም። ሞተሩ ውስጥ ገብታ ቢሆንስ? እንደገና ከፍቼ እንዳላይ እናቴ ሞጣ የሐኪም ቀጠሮ አላት፤ ረፍዷል። ይዣት ወጣሁ። ሞተሩ ቀጭ ባለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። መንገድ ላይ ግንደወይን ስንደርስ ቆም ስል ላቤን አይታ፣ «ምን ሆነሃል ልጄ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ውይ በሞትኩት! መሬት ወድቃ አግኝቼ፣ እንዳትጠፋብህ ቋጥሬልህ የለ!» ብላ የነጠላዋን ጫፍ መፍታት ጀመረች። ዳዶዋን ስቀበላት ትንፋሼ መለስ አለ፤ እጇን ልስም ጎንበስ አልኩ። እሷ ግን ቋጠሮውን ፈትታ አልጨረሰችም።

«እንካ፣ ይቺንም» አለችኝ።

መዳፏ ላይ ሌላ ዳዶ! እኔ የጎደለችኝ አንዲት ብቻ ነበረች። ይቺስ ከየት የወለቀች ናት? ሞተሩ አሁንም እየሠራ ነው።