ዋጃ ወይስ ቆቦ?

— ሄሎ?... አቤት፣ ቆቦ ነው። ደሳለኝ ነኝ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪው... ካሳ! አንተ ነህ እንዴ? ደሴ፣ እርዳታ ቢሮው እንዴት ነው?... እኔማ ይመስገን። በዚህ ረሀብ በቀን ሁለቴ የሚበላ ሰው ደህና አይደለሁም ቢል ግፍ ነው።

— የተፈናቃዮቹ ዝርዝር ደረሰህ?... አዎ፣ እኔ ነኝ የሞላሁት። ክፍሉ ተማሪ ካጣ ወዲህ መጠለያው ውስጥ መዝጋቢ ሆኛለሁ... ምን? ጮክ በል፣ ይቆራረጣል... ለምን ቆቦ አላልክም ነው የምትለኝ?

— ተሳስቼ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። መቶ አስሩንም አባወራ በየመንደራቸው ጻፍኳቸው።

— ቆይ፣ ቆይ። የእርዳታ ድርጅቱ ፈረንጅ ምን አለ?... ቅጹ በእንግሊዝኛ «ድዌል»፣ የት ይኖራሉ፣ ነው የሚለው፣ የሚያድሩት ቆቦ ስለሆነ ኗሪነታቸው ቆቦ ነው አለ?... እንግዲያው ንገርልኝ። ትናንት ትልቁን መዝገበ ቃላት ገልጬ አየሁት። ያ ቃል በፈረንጆቹ ቅድመ አያቶች ጊዜ መኖር ማለት አልነበረም። መንገድ ማሳት ነበር፣ ማታለል። ቀጥሎ ማዘግየት ሆነ። ከዚያ መዘግየት፣ ከዚያ መቆየት። የቆየውን ሰው በኋላ ኖረ አሉት... አትሳቅ! የኛን ሰው እኮ ነው የሚለው። መንገድ ስቶ፣ ዘግይቶ፣ እዚህ ቁጭ አለ እንጂ መች ኖረ? ቃሉ ስንት መቶ ዓመት የፈጀበትን እነሱ በአንድ በጋ ይጨርሱት ትላላችሁ?

— ቤትማ አላቸው። ከዋጃ በታች ሄደህ እይ። ሲወጡ ደጃፋቸው ላይ የግራር እሾህ አጋድመዋል። እሾህ ያለበትን ደጅ ማንም አይነካም፤ ምሰሶ አይነቅልም፣ ጓሮ አያርስም። ባለቤቱ በሕይወት አለ፣ ይመለሳል ማለት ነው። ቆቦ ብዬ ብጽፋቸው የማሽላ ዘር ሲታደል ስማቸው ከመንደሩ መዝገብ ይጠፋል። ያኔ እሾሁን ያነሳሁት እኔ አይደለሁም?

— ...ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ምን አልክ?

— ከሰኞ?... በመንደሩ የተጻፈ ሰው ከሰኞ ጀምሮ የመጠለያውን ዱቄት አያገኝም?... ዘሩስ?... ከሁለት ሳምንት በኋላ። ...ወይኔ ካሳ፣ ይህን መች ነገራችሁኝ? እኔ እኮ ውለታ የዋልኩላቸው መስሎኝ...

— አይ፣ አልጠየቅኋቸውም። መዝገበ ቃላቱን ጠየቅሁ፣ ሰዎቹን አልጠየቅሁም። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

— ቆይ፣ አትዝጋ። ደመቀች እዚህ በሩ ላይ ናት፣ የዋጃዋ፤ ባሏን መጋቢት ላይ የቀበረችው... እታለም፣ ግቢማ። ስሚኝ። ቆቦ ብዬ ብጽፍሽ ዱቄቱ አይቀርብሽም፣ ዘር ግን የለም። ዋጃ ብዬ ብጽፍሽ ዘር ታገኛለሽ፣ ዱቄቱ ከሰኞ ይቀራል። የት ልጻፍሽ?... አይ፣ እኔ አልወስንም። አንቺው በይ።

— ካሳ፣ እያሰበች ነው... ትንሽ ታገሰኝ...

— ልጆቹን?... «እኔን ዋጃ፣ ልጆቼን ቆቦ» ነው የምትለው። ግንቦት ሳያልቅ ሄዳ መሬቱን ልታለሰልስ ነው... እታለም፣ ሁለቱን ሳምንት ምን ትበያለሽ?... «የኔን ተወው፣ ሆዴን አውቀዋለሁ» አለች። ሰማሃት?

— ያለ አሳዳሪ ልጅ አይጻፍም... አውቃለሁ ካሳ፣ ደንቡን እኔም አንብቤዋለሁ።

— እንግዲያውስ ብዕር ያዝ። ደመቀች አራጌ፣ ዋጃ። ጻፍክ?... ከሥሯ ልጆቿ ታንጉትና ጋሹ፣ ቆቦ፣ አስተማሪ ደሳለኝ ቤት... አዎ፣ እኔ ቤት። አንዲት ክፍል ናት፣ ታውቃታለህ... ተነሽ እታለም፣ ጉልበቴን ልቀቂ፣ በሞቴ። እኔም አስለቀስሽኝ እኮ።

— የቀሩትን ዛሬ አትንካቸው። አንድ በአንድ ጠይቄ ነገ እደውላለሁ... ፈረንጁ ይቆጣ! የፈለገውን ይበል።

— ቅጹ እስከ መቼ የሚል ቦታም አለው?... «እናታቸው እስክትመለስ» በል... ጠባብ ነው?... አጣበህ ጻፈው። ደህና ዋል።