ዘመድ ያልሆነች አትውለድ

ዳክሻዬ፣ ነይ እዚህ ማራገቢያው ስር ተቀመጪ። ዘንድሮ ሙቀቱ ከተማችንን አናንድን ሊያቀልጣት ነው መሰለኝ። አማትሽ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ተመስገን... በይ ሻይሽን ጠጪ፤ ህጉን ያረቀቁት ሰብሳቢያችንም ይኸው ከፊታችን እየጠጡ ነው። ይሰሙናል ብለሽ ነው? ቢሰሙስ፣ እኔ መች ክፉ አወራለሁ?

የህጉን ረቂቅ ግን እንዴት ወደድኩት መሰለሽ! «ለሌላ ሰው የምታረግዝ ሴት የሥጋ ዘመድ ካልሆነች አይፈቀድም።» ለቤተሰብ ክብር ማሰብ እንዲህ ነው እንጂ። እርግጥ አንቺ ማህፀንሽ ወጥቷል፤ እህት የለሽ፣ ባልሽም ለእናቱ አንድ ነው። ታናሽ እህቴ ጃግሩቲ «እኔ እወልድላታለሁ» ብላ ቆርጣ ነበር፤ ግን ላንቺ ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደለችም፣ ምን ይደረግ? ከሻይ በኋላ እጅ አውጥተው ካጸደቁት ያንቺ ነገር አለቀ ማለት ነው። አይዞሽ... ህግ ያረቀቀ ሰው የልጅ ናፍቆትን ከየት ይወቀው?

ኧረ እንደውም የሚያውቅ አይጠፋም! አንዲት እመቤት ነበሩ፣ እዚሁ እኛ ሰፈር... ምነው ወደዚያ ታያለሽ? እሳቸውን አልኩሽ? የሰባተኛው ወር የእርግዝና ድግሳቸው ትዝ አለኝና ነው። አቤት ድግስ! ሙሽራ መስለው ተቀምጠው፣ ሴቱ ሁሉ ሩዙንና ፍራፍሬውን በእቅፋቸው ሲሞላላቸው፣ ኮኮናቱ ዱብ አለ። ሌላ ነፍሰ ጡር ብትሆን «አንሱልኝ» ትላለች አይደል? እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ላፍ አደረጉት። እንደ ኮረዳ! ሆዳቸው ብቻ ወደ ጎን ዞር አለ... እኔማ ሲነግሩኝ ጥንካሬያቸውን አደነቅሁ። ጥጥ ደግሞ ምን ይከብዳል?

ልጁን ማን ተሸከመላቸው አትበይኝ። ዘመድ አልነበረችም፤ ወተት የምታመላልስላቸው ጎረቤት ነበረች። በድግሱ ቀን፣ ለሰው የሚያረግዙት ሴቶች በሚያድሩበት ክሊኒክ ተኝታ እግሯ አብጦ ነበር፤ ወሬውን የነገሩኝ ድግሱን የበሉት ናቸው። እኔማ ወገቤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያስታውሰኛል... ያኔ ዘመድነቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እህቴ» ነበር የምባለው። ጥሩ ስም ነበር፤ እስክወልድ ድረስ ቆየልኝ።

ቅር ብሎኝ እንዳይመስልሽ። ልጁ እንዴት ያለ ጨዋ ሆኖ አደገ መሰለሽ! መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አክስቴ» ብሎ እጁን አጋጥሞ ይሰግድልኛል። እናቱ ከኋላው ፈጠን ፈጠን ይላሉ። ሥራ የሚበዛበት ሰው፣ ህግ የሚያወጣ ሰው፣ መች መንገድ ላይ ይቆማል?

ይኸው ሊቀጥሉ ነው፤ ሻያቸውን ሳይጨርሱት ተነሡ። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ምነው ረሱት? ድካም ይሆናል። ነይ እንግባ፤ ከፊት እንቀመጥ፣ እጃቸውን ሲያወጡ በደንብ እንድናያቸው። አምላክ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። የልጃቸውንም ሠርግ ያሳያቸው፤ ያን ቀን ልጁ ለምርቃት ጎንበስ ሲል፣ የወለደችውን የእናቱን እግር ለመንካት ያብቃው።