በጥር ምን አበባ አለ?

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ነጅዋ ብዙ እንደማልናገር ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ግን የጋሽ ሙሀመድአሚን የጡረታ ሽኝት ነውና ለእሳቸው ስትሉ ቻሉኝ።

ጋሽ ሙሀመድአሚን ከሚሴ፣ ቢሯችን መዝገብ ቤት ተመድበው የመጡት በመስከረም ነው፤ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ሲያብብ። ሥራ አስኪያጁ "እስቲ ራስህን አስተዋውቅ" አሏቸው። ተነሡና "ሙሀመድ..." ብለው፣ እጥሽ! "አልሐምዱሊላህ።" ሁላችንም "የርሐሙከላህ!" አልን። እሳቸውም "አሚን" ብለው ስማቸውን ጨረሱ። ጸሐፊያችን ፋሪዳ ግን ለዱዓው አሚን ያሉ መስሏት "ሙሀመድ" ብላ ብቻ መዘገበቻቸው። ፋሪዳ፣ አትሳቂ! "አሚን"ን ለማስመለስ ሦስት ወር ደብዳቤ ተጻጽፈናል።

የማሽላ አበባ አይስማማቸውምና ከዚያ ወዲህ መስከረምና ጥቅምትን የመሩን በአፍንጫቸው ነው። እሳቸው ሲያነጥሱ አሥራ አንድ ሠራተኛ ብዕሩን አስቀምጦ "የርሐሙከላህ" ይላል። ወረፋ የያዘው ባለጉዳይም ይላል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ዘግይቶ ይሰማና ለብቻው ይጮኻል፤ ለእሱም ምላሽ ይሰጡታል።

አንድ ዓመት የካይዘን ቡድኑ ሰዓት ይዞ ቆጠረ። ሰብሳቢው ሙስዐብ ስብሰባ ላይ ቆሞ "በአለርጂ ምክንያት በቀን አርባ ሰባት ደቂቃ ይባክናል" ብሎ ሲያነብ፣ እጥሽ! ከሁላችንም ቀድሞ "የርሐሙከላህ!" ያለው ሙስዐብ ነው።

"ይሄንንም መዝግበው" አሉት ጋሽ ሙሀመድአሚን።

ሳቅን። ሥራ አስኪያጁ ግን ከመዝገብ ቤት ሊያነሷቸው ቆርጠው ነበር። "ፋይሉን እኔ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔ ሲያለቅስ የሚያነብልኝ ሰው ብቻ ስጡኝ" አሉ ጋሽ ሙሀመድአሚን።

"ማንን?"

"ነጅዋን።"

ያኔ ጽዳት ነበርኩ። ፊደል የለቀምኩት ከቅርጫት ቁራጭ ወረቀትና ከሳሙና መጠቅለያ ነው፤ ያየኝ ሰው ያለም አልመሰለኝም። አልችልም ብዬ ልሸሽ ነበር። የመጀመሪያውን ፋይል ስከፍት "ይዞታ" የሚለውን "ይዘታ" አልኩት።

"ቀስ በይ እህቴ፤ ወረቀቱ አይሮጥም" አሉኝ።

ጥቅምት አለፈ። "ኮቱ ነጅዋ፣ ነይ፣ ዓይኔ አለቀሰ፤ አንብቢልኝ።" በኅዳር እንደዚያው። ማሽላው ታጭዶ፣ ሜዳው ደርቆ፣ በጥርም "ኮቱ ነጅዋ!" በዓመቱ የመዝገብ ሠራተኛ ፈተና አልፌ ወንበር ሳገኝ ግን ዓይናቸው በአንድ ቀን ዳነ።

ጋሽ ሙሀመድአሚን፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁዎትን ዛሬ ልጠይቅዎ፦ በጥር ምን አበባ አለ?

አይመልሱልኝ፤ ገብቶኛል። በሙስዐብ ሪፖርት ውስጥ ያልገባ አንድ መስመር አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ።

በሉ፣ ለስላሳችሁን አንሡ! ዕድሜዎ ይርዘም፣ ቤትዎ ይድመቅ፣ አፍንጫዎም እንደ እርስዎ ጡረታ ይውጣ። አሚን በሉ! ፋሪዳ፣ ይሄኛው አሚን የዱዓው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን አበባ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የላስቲክ ነው። አሁን ዓይንዎ ካለቀሰ በአበባ ማሳበብ የለም።