አቶ ዓምሃ ያቆዩት መርዶ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። የአቶ ዓምሃ ጉልላትን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ የእናታቸው ታናሽ ወንድም ደበላ ደቻሳ ነኝ።

አቶ ዓምሃ ከአባታቸው ከአቶ ጉልላት ዋቅጋሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ደቻሳ በ1946 ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስላረፉ ታናሽ ወንድማቸውን ፀሐዬን እንደ አባት ሆነው አሳደጉ፤ ዊንጌት ትምህርታቸውን ጨርሰውም ዩኒቨርሲቲ ገብተው በባዮሎጂ በማዕረግ ተመረቁ።

በ1971 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ የእንስሳትን ባሕርይ ማጥናት ሲጀምሩ፣ ሌላው ወፍና ዝንጀሮ ሲመርጥ እርሳቸው የእንጦጦን ጅብ መረጡ። ሰፈርተኛው «የጅብ ደቀ መዝሙር» እያለ ቢያሾፍባቸውም፣ እያንዳንዱን ጅብ በነቁጡ ለይተው፣ ሲመሽ በየትኛው መንገድ ወደ አዲሱ ገበያ ሥጋ ቤቶች ጓሮ አጥንት ሊግጥ እንደሚወርድ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በዚያው ዓመት ፀሐዬ ከቤት ተወሰደ፤ የት እንደደረሰ የሚናገርም ጠፋ። ብዙ ሳይቆይ ጅቦቹ የገበያውን መንገድ ትተው በሙሉ ወደ አንድ የባሕር ዛፍ ገደል ማቅናት ጀመሩ። ጅብ የለመደውን መንገድ በከንቱ እንደማይተው የተማሩት አቶ ዓምሃ ነገሩ ገባቸው። ጎሕ ሲቀድ ብቻቸውን ወጥተው፣ ወንድማቸውን እናታቸው በሠሩለት ሹራብ ለይተው፣ ያለ ቄስና ያለ ፍትሐት በእጃቸው ቀበሩት። ከሌሎች ሟቾች ሥር ተጋድሞ ስለ ነበር እርሱን አውሬ አልነካውም። ሌሎቹን ግን ለመቅበር ጊዜም አቅምም አላገኙም።

መርዶ ማለዳ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚያረዳው ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ለተገደለ ማልቀስ ራሱ ያስገድል ስለ ነበር፣ የእናታቸው ዋይታ ሌላ ሞት እንዳይጠራ ፈርተው ዝም አሉ። ፍርሃቱ ሲረግብ ደግሞ፣ መርዶ ሲቆይ ይከብዳልና አንደበታቸው ተሳሰረ። ጽሑፉ ብቻ የቀረውን ዲግሪ ትተው መምህር ሆኑ፤ ወይዘሮ አስቻለችን አግብተውም ልጃቸውን የዓለምወርቅን ወለዱ። ሆኖም እንጦጦ ላይ ጅብ በጮኸ ቁጥር መስኮቱን ዘግተው ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጉ፣ እናታቸው ለፀሐዬ የበዓል ድርሻውን ሲያስቀምጡለት ባዩ ጊዜ ማዕዱን ትተው ይወጡ ነበር። ምክንያቱን ያወቀ ሰው አልነበረም።

በጉበት ሕመም ከተኙ በኋላ ይህን ሁሉ ነግረውኝ፣ እናታቸው ማንንም ሳይፈሩ በሚያለቅሱበት በእርሳቸው የቀብር ቀን መርዶውን እንዲረዱ አደራ ብለው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. ዐረፉ።

አቶ ዓምሃ እናታቸውን ወይዘሮ ሙሉእመቤትን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስቻለችንና ልጃቸውን የዓለምወርቅን ትተው ሄደዋል። እትዬ ሙሉእመቤት፣ የፀሐዬ ስም ከቋሚዎቹ ጋር ያልተጠራው ተዘንግቶ አይደለም። ካህናቱ የሁለቱንም የክርስትና ስም ይዘዋል። አምላክ የዓምሃንና የፀሐዬን ነፍስ፣ እናቶቻቸውን የማናውቃቸውን የእነዚያንም ልጆች ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። እንግዲህ እትዬ፣ ያልቅሱ፤ ለሁለቱም ያልቅሱ።