አንጀት የሚበላው ማመልከቻ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ታይፕ የሚላቸው ማመልከቻ ጸሐፊ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከፖስታ ቤቱ ሰልፍ መሐል ቆመው፣ ያልታሸገ ፖስታ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነበር። የልጅ ልጃቸው የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ነው። ቀኑ የሚያበቃው በዚያው ዕለት ነው፤ ፖስታ ቤቱም ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ልጅቷ ወላጆቿ ሞተዋል፤ ምኞቷ ምሕንድስና መማር ነው፤ ይህ ዕድል ካመለጣት ግን ሌላ የሚያስተምራት የለም። እሷም ይህን ስለምታውቅ ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

ዘወር ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ዐምና ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታ ጨርሳ ነበር፤ አሁን ግን ከልብስ ንጽህና ቤት ቆማ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች። የአሠሪዋን ደብዳቤ ልታስገባ መጥታ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ይኸው የዚችን ልጅ ማመልከቻ ልልክ መጣሁ።»

«ማን ጻፈላት?»

«እኔ እያለሁ ማን ይጽፋል ታዲያ! እንቺ፣ አንብቢው። ድንጋይ ያስለቅሳል።»

ወጣቷ ወረቀቱን ተቀብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፦ «‹እኔ ምንም የማላውቅ፣ ምንም የሌለኝ፣ ረዳት ያጣሁ ምስኪን፣ ከክቡርነትዎ እግር ሥር ወድቄ፣ እንባዬን እያፈሰስኩ...›» ከዚያ ወዲያ አላነበበችም፤ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይህን አይላኩት።»

«ኧረ ጉድ! ምን አጠፋሁ?»

«የሚያመለክተው ሁሉ ድኻ ነው፤ ድህነት ማንንም ከማንም አይለይም። ቅጹ የሚለው ‹እስካሁን ምን ሠሩ? ብናስተምርዎ ምን ይሠራሉ? በራስዎ ቃል ይግለጹ› ነው። ይህ ወረቀት ግን ስለ ልጅቷ አንዲት ነገር አይናገርም።»

ጋሽ ታይፕ ተቆጡ። «አርባ ዓመት ጽፌያለሁ! ባሏ የሞተባት ጡረታዋን ያገኘችው፣ ያለ ጥፋቱ የተባረረው ወደ ሥራው የተመለሰው በዚህ በእኔ ጣት ነው። አሁን ይህች ልጅ ‹እኔ ጎበዝ ነኝ› ብላ ራሷን ታወድስ? እኔ እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ አላሳደግሁም!»

«ጡረታ ሌላ ነው፣ ጋሼ፤ ሴትዮዋ የሚገባትን ነው የጠየቀችው። ደግሞ የሠሩትን መናገር ጉራ አይደለም። የሚመርጠው ሰው አያውቀንም፤ ካልነገርነው በምን ይለየን?»

«የፈለገው ይሁን፣ ሰው አንጀቱ ካልተበላ እጁን አይዘረጋም።»

ወጣቷ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ከቦርሳዋ ውስጥ ጠርዙ ያለቀ ወረቀት አወጣች። «ዐምና ከዚያው ቦታ የመጣልኝ መልስ ነው፤ ላሳይዎት እስከ ዛሬ ፈርቼ ነበር» አለች።

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ፦ «ከአንድ ትምህርት ቤት ቃል በቃል አንድ የሆኑ አሥራ አራት ማመልከቻዎች ደርሰውናል። የአመልካቾቹ የራሳቸው ጽሑፍ ስላልሆኑ ሁሉንም ሳንቀበል ቀርተናል።»

ሰልፉ ወደፊት ሄደ፤ እሳቸው ግን አልተነቃነቁም። በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ዛሬ ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ መንትዮቹ አገር ጥለው ሄደዋል፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ከሰው ጋር መነጋገር ትታለች። ለአሥራ አራቱም በነጻ ነበር የጻፉላቸው፤ ስሙን ብቻ እየለወጡ። ምን ያድርጉ፣ ደግ የሠሩ መስሏቸው ነበር!

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እናቴ እጅዎን ስማ ነው ያመሰገነችዎት።»

«ዘንድሮስ... እንደገና ብታመለክቺ?»

«ደንቡ ትምህርት በጨረሱ በዓመቱ ውስጥ ነው የሚለው። የእኔ ባለፈው ወር አለቀ።»

ወጣቷ ክንዳቸውን ይዛ ወደ አግዳሚው ወንበር ወሰደቻቸውና የልጅ ልጃቸውን «እስኪ፣ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም» አለች ልጅቷ። እንዲህ እንድትል ነዋ ያደገችው!

«የታይፕ መኪናዬን ሠርታዋለች» አሉ ጋሽ ታይፕ። «ወረቀቱን የሚስበው ጥርስ ሲሰበር ጠጋኙ ‹ጣሉት› አለኝ። እሷ ከሳርዲን ቆርቆሮ ቆርጣ፣ ሞርዳ ገጠመችልኝ። ይኸው ሁለት ዓመቱ።»

ያን ከተናገሩ በኋላ እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት አዩት። «ምንም የማላውቅ» የሚለው ቃል የተመታው በዚያው መኪና፣ በዚያው ጥርስ ነው። ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደዱትና፣ «ጻፊ፣ ልጄ። እኔ ሰልፉን እይዝልሻለሁ» አሉ።

ተራቸው ሲደርስ ለኋለኛው እየለቀቁ፣ ሰዓቱን እያዩ ቆሙ። ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ልጅቷ እየሮጠች አመጣችላቸው። አላነበቡትም። ማኅተሙ ሲመታ አይተው ወጡ።

ሰኞ ዕለት ከጠረጴዛቸው በላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፦ «የትምህርት ዕድል ማመልከቻ አልጽፍም። ወረቀትና ወንበር አለ። የሠራችሁትን ራሳችሁ ጻፉ።» ለምን ለሚላቸው ተማሪ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ያስረዳሉ፦ በራሱ ቃል የጻፈ ሰው ከሌላው ጋር አይምታታም፤ መራጩ እሱን ራሱን ያገኘዋል፤ ቢወድቅ እንኳ ምን እንደሚችል አውቆ ይነሣል፣ ለሥራም ሲያመለክት ይጠቅመዋል። ወላጅም ልጁ የሚችለውን ሲናገር አፉን አያስይዘው፤ ነገ ራሱን ችሎ የሚቆመው በዚያው ነውና። የልጅ ልጃቸው መልስ ግን ገና አልመጣም፤ ይምጣ አይምጣ እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ታይፕ በአሥራ አራቱ ልጆች ቤት እየዞሩ ጥፋታቸውን በአፋቸው ተናገሩ። ከአገር የወጡትን መንትዮች ይቅርታ የጠየቁት በእናታቸው በኩል ነው። የሚሰድባቸው ቢያገኙ ይሻላቸው ነበር፤ ሁሉም መልሶ አመሰገናቸው። መጨረሻ የሄዱት ወደ ልብስ ንጽህና ቤቱ ነው።

«ልጄ፣ ዐምና ራስሽ ብትጽፊ ኖሮ ምን ትዪ ነበር? አሁን ምንም እንደማይፈይድ አውቃለሁ፤ ብቻ ልስማው።»

ወጣቷ ካውያውን አቆመች። «ትምህርት የከበዳቸውን የሰፈር ልጆች ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ስምንት ነበሩ። ስምንቱም አልፈዋል።»

«በደጃፌ እየተመላለሽ... ይህን እኔ አላውቅም ነበር።»

«አልጠየቁኝማ፣ ጋሼ» አለችና ሌላ ሸሚዝ አነሣች።