የኮርቻ ምንጣፍ አጣቢዋ የእትዬ መዳፍ ዜና ሕይወት

በጋላቢውም በዘመዱም አንደበት «እትዬ መዳፍ» የሚለው ቅጽል ስም የጸናባቸው ታላቅ እህታችን፣ ከኮርቻ ሰፊው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ከተማሩ በኋላ፣ የአባታቸው ዓይን ስለደከመ ቤተሰቡን ለመርዳት ሲሉ በፈረስ ግልቢያ ማሠልጠኛው ጋጣ ተቀጠሩ።

በዚያም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፉትን ምንጣፎችና ፈረሶቹ የሚለብሷቸውን ብርድ ልብሶች ፀጉሩን በብሩሽ እያራገፉ፣ የሳሙና ርዝራዥ ቆዳ ያሳክካልና ሦስት ጊዜ እያለቀለቁ፣ ጥላ ላይ እያደረቁ፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ አንዲት እጥፋት ወይም እሾህ ካገኙ ሁሉንም እንደገና እየጀመሩ አገልግለዋል። ጋላቢዎቹ ሲቸኩሉባቸው «እሱ አፍ የለው፤ ጎረበጠኝ ብሎ አይነግርህ!» እያሉ ይቆጡ ነበር፤ በእሳቸው ዘመን አንድም ፈረስ ገጣባ አልሆነም።

ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚሁ ጠባያቸው ነው፤ ጋሪ ነጂው ባለቤታቸው ጀርባው የተላጠ ፈረስ ይዘው ጋጣው ደጃፍ ቢደርሱ፣ እትዬ መዳፍ የፈረሱ ቁስል እስኪሽር ሰላምታ ነፍገዋቸው፣ በሻረ በወሩ ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳድገዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ያዘባቸው። ሥራዋን ትታ ታስታምማቸው የነበረችው ልጃቸው፣ ግራ እጃቸው አንሶላውን ሲዳብስ ባየች ቁጥር የጠማቸው መስሏት ውሃ፣ የበረዳቸው መስሏት ብርድ ልብስ ስታቀርብ፣ እሳቸውም ሲመለከቷት ሰነበቱ። ነርሷ መጥታ ስታገላብጣቸው፣ ከወገባቸው ሥር የተጠቀለለ የአንሶላ እጥፋት፣ ከእጥፋቱም ላይ የቆሰለ ጀርባ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሰዓቱ ቢገላበጡም፣ መድኃኒቱ ቢቀያየርም፣ ቁስሉ አልሽር ብሎ ወደ ደማቸው ዘልቆ፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት ዐረፉ።

ጥፋቷ እንዳልሆነ ሐኪሙ ለልጃቸው ነግረዋታል፤ ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸውም ነግሯታል፤ ነገር ግን ማናችንም ልናጽናናት አልቻልንም። ዛሬ ማለዳ በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የሚነጠፈውን አንሶላ ማንም እንዳይነካባት ከልክላ፣ ዓይኗን ጨፍና ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ ስትዳብስ ቆየች፤ ጨርሳም እንደገና ጀመረች። እኛም ቆመን ከማየት በቀር የምናደርግላት አልነበረንም።

እትዬ መዳፍ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን የሚጎረብጥ በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም እኛ ያላገኘንላትን መጽናናት ይስጥልን።